"የጣሪያ እንጨት አይጎብጥም" ላሉን ሰው፦ እኔ ጎብጦ አይቻለሁ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጽሑፍ እየተላላከ ነው። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ አክስቴ ናት፤ እሷ የላከችው ልትስቅብኝ ነው፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በጣሪያ ትራስ (ጣሪያውን በሚሸከመው፣ በሦስት ማዕዘን በተገጣጠመው የእንጨት ማዕቀፍ) ውስጥ ያለ እንጨት ወይ ይሳባል ወይ ይጨመቃል እንጂ አይጎብጥም። ባህር ዛፍ ጠንካራ ስለሆነ "10 ቁጥር"፣ ማለትም ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነውን፣ ከገዛህ ጉዳዩ አለቀ። ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ምን ይጫናል? አያቶቻችን ያለ ስሌት ሠርተው ግንቡ ይኸው ቆሟል። ስለዚህ የመጎበጥ ፍተሻ የሚባለው ነገር መሐንዲስ እንጀራ የሚበላበት ዘዴ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለ8 ሜትር ቤት የሚሆን ልኬት ራሳቸው ጽፈው ሰጥተዋል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አነጋገራቸው ግን ሳይት ላይ የዋሉ ሰው መሆናቸውን ያስታውቃል። መልስ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ማን ይሰማው ነበር?

በነገራችን ላይ ትራስ ስል የራስጌውን ማለቴ አይደለም። አክስቴ ቃሉን መጀመሪያ ስትሰማ "ጣሪያ ደግሞ ትራስ ምን ያደርግለታል፣ ሊተኛ ነው?" ብላ ነበር።

"ይሳባል ወይ ይጨመቃል እንጂ አይጎብጥም"

ይሄ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፣ መጽሐፉም አልተሳሳተም። ችግሩ መጽሐፉ አስቀድሞ ያስቀመጠው አንድ ነገር መዘለሉ ነው፦ ጭነቱ በሙሉ መገጣጠሚያው ላይ ካረፈ። ተማሪ ሳለን ትራስ ስንስል ቀስቶቹን ሁሌ መገጣጠሚያ ላይ ነበር የምናሳርፋቸው። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚቸነከርበት አግድም እንጨት፣ የሚመታው ለቆርቆሮው እንዲመች ነው፣ መገጣጠሚያው የሚወድቀው ደግሞ ለእንጨቱ ርዝመት እንዲመች፣ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ስለዚህ ከሞራሌዎቹ አንዳንዱ በሁለት መገጣጠሚያ መሃል ያርፋል። እዚያ ቦታ ላይ ወራጁ፣ የትራሱ የላይኛው ተዳፋት እንጨት፣ በቃ ድልድይ ነው። ከላይ ይጫኑታል፣ ከታች የሚይዘው የለም፣ ይጎብጣል።

የአክስቴን ቤት ልንገራችሁ። አዘዞ ነው። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ትራሶቹ በየ1.5 ሜትሩ የቆሙ፣ የላይኛው ወራጅ መገጣጠሚያም በየ1.5 ሜትሩ፣ ሞራሌው በየ75 ሳንቲ ሜትሩ። ጣሪያውን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ነደፍኩ ከተባለ። የዘመድ ቤት ነው ብዬ በዓይኔ ገምቼ "10 ቁጥር ግዙ" አልኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በ2014 ሰኔ ላይ ሁለት ልጆች የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ሊቀይሩ ወጡ። ቆርቆሮውን እንደተሸከሙ አንድ ሞራሌ ላይ ተገናኙ፣ ያውም ሞራሌው በትራሱ ላይ በሚያልፍበት ቦታ፣ በሁለት መገጣጠሚያ መሃል። ቀጭ አለ። ማንም አልወደቀም፣ ተመስገን። አክስቴ ግን የያዘችውን ሲኒ ጥላ ነው ከቤት የወጣችው።

በማግስቱ ኮርኒሱን ከፍቼ በስልክ መብራት ገባሁ። ወራጁ ለሁለት አልተቆረጠም። ከታች በኩል ቃጫው ተመዞ ተቀድዷል፣ ጫፍ ጫፉ እንደተበጠሰ ገመድ ተንጨፍርሯል። ከላይ በኩል ሸብሸብ ከማለት በቀር ደህና ነው። ቅዳጁ የጀመረው ከአንድ ጉጥ ሥር ነበር። እንግዲህ ተጨምቆ ብቻ የተጎዳ እንጨት ሆዱ ብቻ ተመርጦ አይቀደድም። ጀርባው እየተጨመቀ ሆዱ የሚሳበው የሚጎብጥ እንጨት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሁለቱ ልጆች ከነቆርቆሯቸው 150 ኪሎ ቢሆኑ፣ የጣሪያው የራሱ ክብደት ሲጨመር 160 ኪሎ እንበል፤ 1.6 ኪሎ ኒውተን ነው። ጭነት 1.5 ሜትር መሃል ላይ ሲያርፍ እንጨቱን የሚያጎብጠው ጉልበት፣ ሞመንቱ፣ ጭነቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለ4 ተካፍሎ ነው፣ 0.6 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይመጣል። ወራጁ መገጣጠሚያውን አልፎ ስለሚቀጥል ትክክለኛው ከዚህ ትንሽ ያንሳል፣ እኔ ከባዱን ወሰድኩ። ይሄን ለእንጨቱ ሴክሽን ሞዱለስ ማካፈል ነው፤ ቅርጹና ውፍረቱ መጎበጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ቁጥር ነው። ለክብ እንጨት ዲያሜትሩን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዝቶ፣ በ3.14 አባዝቶ፣ ለ32 ማካፈል፤ ለ10 ሳንቲ ሜትር 98 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አሃዱ ሲስተካከል ውጤቱ 6.1 ሜጋ ፓስካል፣ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 60 ኪሎ ገደማ ማለት ነው።

የሚፈቀድለትስ? የእኛ ባህር ዛፍ የደረጃ ማኅተም ተመትቶበት አይሸጥም። ስለዚህ በዩሮኮድ፣ በአውሮፓ የግንባታ ኮድ፣ ዝቅ ካሉት የእንጨት ደረጃዎች አንዱን፣ ሲ16ን ወሰድኩ። እርግጥ ይሄ ለጥድና ለመሰሎቹ የወጣ ደረጃ ነው፤ የኔ ባህር ዛፍ ከዚያ ይበልጣል የሚል ካለ በወረቀት ያሳየኝ። 16 ሜጋ ፓስካል ለአጭር ጊዜ ጭነት በ0.9 ይባዛል፣ ለእንጨቱ መጠባበቂያ ለ1.3 ይካፈላል፣ 11.1 ይቀራል። 6.1 ከ11.1 ያንሳል። አለፈ! ታዲያ ለምን ተሰበረ? ቆዩ።

መጀመሪያ ጸሐፊው የሚያምኑበትን መጨመቅ እናስላው። በዚህ ዓይነት ትንሽ ቤት የላይኛው ወራጅ ወደ 8 ኪሎ ኒውተን ገደማ ቢጨመቅ ነው። ለ10 ሳንቲ ሜትር እንጨት የተቆረጠ ፊት ስፋት ሲካፈል 1 ሜጋ ፓስካል። መጎበጡ ደግሞ 6.1። የለም ያሉት ነገር አለ ካሉት ስድስት እጥፍ ይበልጣል! ሁለቱ ደግሞ ተለያይተው አይመጡም። የጎበጠ እንጨት ሲጨመቅ ይብስበታል፣ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሳይጫኑትም በመጨመቁ ብቻ ወደ ጎን ይጎብጣል። ለዚህ ነው በፍተሻው የመጎበጡ ድርሻና የመጨመቁ ድርሻ ተደምረው ከ1 መብለጥ የለባቸውም የሚባለው።

የታችኛው አግዳሚም "እንደ ገመድ ይሳባል" ተብሏል። ገመድ ላይ ኮርኒስ የሰቀለ ሰው አለ? ኮርኒሱ ራሱ ብዙም አይደለም። ግን ጎንደር ነን፣ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ስለዚህ ሰው ታንከሩን ከኮርኒሱ በላይ አግዳሚው ላይ ያስቀምጣል። የ500 ሊትር ታንከር ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው። በሁለት ትራስ እኩል ቢካፈል እንኳ፣ 2 ሜትር ርዝመት መሃል ላይ 250 ኪሎ ያርፋል። 10 ሳንቲ ሜትር እንጨት ላይ 12.7 ሜጋ ፓስካል ይመጣል፣ ያውም ምንም መጠባበቂያ ሳይጨመርበት። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ወጥቶ አይወርድም። ለዓመታት ለሚቆይ ጭነት ማባዣው ከ0.9 ወደ 0.7 ይወርዳል፣ የሚፈቀደውም 8.6 ይሆናል። መሳቡ ገና አልተደመረም።

"ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ 10 ቁጥር ይበቃል"

አሁን ወደ ተሰበረው ወራጅ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ነበር፣ ቅዳጁ ያለበት ቦታ ላይ ጠመጠምኩት። ዙሪያው 24 ሳንቲ ሜትር። ለ3.14 ሲካፈል 7.6። 10 ቁጥር ተብሎ የተገዛው እንጨት ማለት ነው! ነጋዴው ዋሸ አልልም። እንጨት ተራ ሲለካ ወፍራሙ ጫፍ ነው የሚለካው፣ ያ ጫፍ ደግሞ እውነትም 10 ነበር። ባህር ዛፍ ግን እየቀጠነ ነው የሚሄደው፣ አናጢው የትኛውን ጫፍ ወዴት እንዳዞረ ደግሞ ማንም አልጠየቀም። እኔም ጭምር።

ከ10 ወደ 7.6 መውረድ በዓይን ሲታይ ምንም አይመስልም። ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ግን ዲያሜትሩ ሦስት ጊዜ ነው የሚባዛው። ለ10 ሳንቲ ሜትር 98 የነበረው ሴክሽን ሞዱለስ ለ9 ወደ 72፣ ለ8 ወደ 50፣ ለ7 ወደ 34 ይወርዳል። ከ10 ወደ 8 ስትወርድ ግማሹን ጣልክ ማለት ነው። በ7.6 ደግሞ 43 ብቻ ይቀራል፣ ያ 6.1 የነበረው 13.9 ይሆናል። ከ11.1 በላይ ነው። በዚያ ላይ ጉጡ ሆዱ ላይ ነበር፣ ልክ ቃጫው በሚሳብበት በኩል። ኮዱ ጣሪያ ላይ ለሚወጣ አንድ ሠራተኛ 1 ኪሎ ኒውተን፣ 100 ኪሎ ገደማ ያስይዝና በ1.5 ያባዛዋል። ሁለቱ ልጆች ያችን የ1.5 መጠባበቂያ አብረው በመቆማቸው ጨረሷት፣ የእንጨቱን መጠባበቂያ ደግሞ ጉጡ በላው። ምንም አልተረፈም።

ጠንካራ ነው መባሉንስ? ነው። ጉጥ የሌላት፣ የደረቀች፣ ትንሽ ናሙና ማሽን ላይ ብትሰብሩ ከ16 እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ትሰጣለች። ግን 16 የሚባለው የአማካይ እንጨት ጥንካሬ አይደለም። ከ100 እንጨት 95ቱ የሚያልፉት ነው። ጣሪያ ላይ ደግሞ የትኛው እንጨት ከአምስቱ አንዱ እንደሆነ አይታወቅም። እርጥቡን ጨምሩበት። እኛ ባህር ዛፍ ቆርጠን ሳይሰነብት ነው የምንሰቅለው። እርጥብ ለሆነና ለሚረጥብ እንጨት ያው የአጭር ጊዜ ማባዣ 0.9 መሆኑ ቀርቶ 0.7 ይሆናል፣ 11.1 የነበረው 8.6። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ወፍራም ምስማር ጫፉ አጠገብ ከመታህበት ዓይንህ እያየ ይተረተራል። አናጢዎቻችን ምስማሩን አናቱን መትተው የሚያደነዝዙት ለዚህ ነው፤ ይሄ ብልሃት ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ነው።

ስለ ሞራሌም አንድ ነገር። 5 በ7 ሞራሌ በሰፊው ጎኑ ተኝቶ ሲመታ በየሳይቱ አያለሁ። ለምን ስል "ምስማር ይመቻል" ይሉኛል። ያው እንጨት በጠባብ ጎኑ ቢቆም ሴክሽን ሞዱለሱ 41 ነው፣ ሲተኛ 29። ገንዘቡ አንድ፣ እንጨቱ አንድ፣ ጥንካሬው ግን በ1.4 ይለያያል። ያው ኮዱ ያስያዘው ሠራተኛ፣ 1.5 ኪሎ ኒውተን ተደርጎ፣ 1.5 ሜትር ላይ መሃሉን ቢረግጠው፣ የቆመው 13.8 የተኛው 19.3 ሜጋ ፓስካል ይደርስበታል። ደህና ደረጃ ያለው እንጨት፣ ሲ24 የሚባለው፣ 16.6 ይፈቀድለታል። ቆሞ ያለፈው ተኝቶ ወደቀ።

"ቆርቆሮ ቀላል ነው"

እውነት ነው። 0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከነሞራሌው 7 ኪሎ በሉት። የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። ነፋስ በሰከንድ 22 ሜትር፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነፍስ፣ በእኛ ከፍታ አየሩ ሳሳ ቢልም፣ በካሬ ሜትር ወደ 24 ኪሎ ግፊት አለው። ከጣሪያው ጠርዝና ጥግ ላይ ደግሞ ወደ ላይ መምጠጡ ከዚህ ይብሳል። 7 ኪሎ የሚከብድ ነገር 24 ኪሎ ሲስበው ምን እንደሚሆን ክረምት ሊገባ ሲል የጎረቤት ቆርቆሮ ግቢው ውስጥ ያገኘ ሰው ያውቃል። ነፋሱ ወደ ላይ ሲስብ ሁሉም ይገለበጣል። ይሳብ የነበረው የታችኛው አግዳሚ ይጨመቃል፣ ወራጁ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ትናንት ጀርባ የነበረው ጎን ዛሬ ሆድ ይሆናል። ስለዚህ "ጉጡን ወደ ላይ አዙረው" የሚለው የአናጢ ምክር ለአብዛኛው ጊዜ ትክክል ነው፣ ለነፋስ ግን ብቻውን አይበቃም። ከባድ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ በክብደቱ ይቀመጥ ነበር።

"አያቶቻችን ያለ ስሌት ሠርተው ግንቡ ቆሟል"

እሺ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ አብረን እንግባ። አጼ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ ወዲህ ድንጋዩና ኖራው ቆሟል፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን ቀና በሉ። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የት አለ? ሰማይ ነው የሚታየው። የመሬት መንቀጥቀጡም፣ በ1941 እ.ኤ.አ. የተጣለው ቦምብም ግቢውን እንደጎዱት የታወቀ ነው፣ ጥፋቱን ሁሉ በእንጨት ላይ አላሳብብም። ግን ግንብ ቆመ ማለት እንጨት ቆመ ማለት አይደለም። ድንጋይ ቅስት ሆኖ ሲሠራ መጨመቅ ነው ሥራው፣ መጎበጥን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። እንዲያውም የአያቶቻችን ግንብ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ደግሞ አያቶቻችን ወይራና ጥድ ነበራቸው፣ ወፍራሙን መርጠው አቀራርበው ይረበርቡት ነበር። እኛ ባህር ዛፍ ነው ያለን፣ እሱም በአጼ ምኒልክ ጊዜ የመጣ እንግዳ ነው፣ ጣሪያ ላይ እያራራቅንም ነው የምንሰቅለው። የእነሱን ልማድ ለመጥራት የእነሱን እንጨት መያዝ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳልፈልግ። ጥር 11 ቀን 2012 ጥምቀተ ባህሩ ላይ የሆነውን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ "እንጨት ነው፣ ይችላል" ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው።

"መሐንዲስ እንጀራ የሚበላበት ነው"

እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ከሌላ ቤት የተቀዳ ፕላን ስሙን ቀይሮ የሚሸጥ ባለሙያ አለ፣ ለእንጨት ጣሪያ ስሌት የሚያያይዝ ደግሞ ብዙ አላየሁም። ይሄ አስነዋሪ ነው። ግን መድኃኒቱ ስሌቱን መተው አይደለም። ለእንጨት የሚሆን የአገራችን የግንባታ ኮድ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ኢቢሲኤስ 5 ይባላል፣ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። ከላይ የሠራሁት ሁሉ ደግሞ አንድ ገጽ ደብተር ነው። አቦል ሳይወርድ ይጠናቀቃል።

አናጢውንም መናቄ አይደለም። የአክስቴን ጣሪያ የጠገኑት አዛውንት አናጢ፣ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው፣ እንጨቱን በመዶሻ ኳ ኳ አድርገው ድምፁን ሰምተው ነው የሚመርጡት። ስንጥቅ ያለበትን ከመቶ ሜትር ያውቁታል ብል ማጋነን ነው፣ ግን ብዙም አላጋነንኩም። ያን ቀን ቁጥሩን ሳሳያቸው "ታዲያ ከሥሩ አንድ ሰያፍ ብንጨምርለትስ?" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከሞራሌው ሥር የሚደግፈው ሰያፍ ሲገባ መሃል የነበረው ቦታ መገጣጠሚያ ሆነ፣ 1.5 ሜትር የነበረው 75 ሳንቲ ሜትር፣ ሞመንቱም በግማሽ ወረደ። የተሰበረውን ቀየርን፣ ለሌሎቹ ትራሶች ሁሉ ሰያፍ ጨመርን። እኔ ያሰላሁትን እሳቸው አዩት። የፈለግኩት ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ብቻ ነው።

አሁን ጸሐፊው ወደ ሰጡት ልኬት። ለ8 ሜትር ቤት፣ የላይኛው ወራጅ 8 ቁጥር፣ መገጣጠሚያ በየ2 ሜትሩ። ያንኑ 1.6 ኪሎ ኒውተን መሃሉ ላይ አሳርፉት። ሞመንቱ 0.8፣ ለ50 ሲካፈል 15.9 ሜጋ ፓስካል። የሚፈቀደው 11.1። ይሄ ቀጭኑ ጫፍም 8 ነው ብለን፣ እንጨቱ ደረቅ ነው ብለን፣ መጨመቁንም ሳንደምር ነው። ይሄን ልኬት ይዞ እንጨት ተራ የወረደ ሰው ካለ፣ ገና ካልገዛ በቀጭኑ ጫፍ 10 የሚሆነውን ይፈልግ፣ 8.1 ይመጣለታል። ገዝቶ ቆርጦ ከሆነ ደግሞ በየመሃሉ ሰያፍ ያስገባና 2 ሜትሩን 1 ሜትር ያድርገው፣ 8 ገደማ ይሆናል። እርጥብ ከሆነ ግን የሚፈቀደው 8.6 መሆኑን አይርሳ። መጨመቁ ሲደመር ሞልቶ ይፈሳልና ከመስቀሉ በፊት ጥላ ሥር ያሰንብተው።